የአንባቢያን ጥያቄ፦ የኮሎራዶው የገደል መንገድና የድሮ ማዕድን ከተሞቹ

በዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ መንገድ ናቸው። በደቡብ ምዕራብ ኮሎራዶ የሳን ዋን ተራሮችን ሰንጥቆ የሚያልፈው ዩ ኤስ 550፣ በተለይ ከሲልቨርተን እስከ ዩሬይ ያለው 25 ማይል ያህል፣ ሰዉ ሚሊዮን ዶላር ሀይዌይ የሚለው። ዴንቨርና አውሮራ ያላችሁ ቤተሰብ ይዛችሁ ልትሄዱ አስባችኋል፣ ከሌላ ስቴት የምትመጡም አላችሁ። ስለዚህ አምዱን ሙሉ በሙሉ ለሱ ሰጥተነዋል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አውሮራ እኔ ጋ ናት። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ልወስዳት ነበር፣ ጓደኞቼ ግን ‹መንገዱ ጠርዙ ላይ መከላከያ ብረት እንኳ የለውም፣ እናትሽን በድንጋጤ ልትገያት ነው› አሉኝ። እውነት ነው? ከፍታውስ አይከብዳትም?» — እህታችሁ ከአውሮራ

እውነታቸውን ነው፣ አብዛኛው ቦታ ላይ ብረት የለም። ሰው ረስቶት አይደለም። ክረምት ላይ በረዶ ጠራጊው መኪና በረዶውን ገፍቶ የሚጥልበት ቦታ ይፈልጋል፣ ያ ቦታ ደግሞ ገደሉ ነው። ብረት ቢተከል በረዶው መንገዱ ላይ ይከመራል። በዚያ ላይ መንገዱ ከአለት ላይ ተፈልፍሎ የወጣ ስለሆነ ብዙ ቦታ ላይ ከነጩ መስመር ቀጥሎ ትከሻ የሚባል ነገር የለም፣ መስመሩ ያልቃል፣ ገደሉ ይጀምራል።

እናትሽን ግን አትተያት። አቅጣጫውን ብቻ አስተካክይ። ገደሉ የሚብሰው ዩሬይ ሊደረስ ሲል ያለው ሸለቆ ላይ ነው። ከዩሬይ ወደ ሲልቨርተን የሚሄድ ሰው እዚያ በጠርዙ በኩል ይነዳል። ከሲልቨርተን ወደ ዩሬይ የሚመጣው ግን ተራራውን በቀኙ ይዞ ነው፣ በሱና በገደሉ መካከል የሌላው መስመር አለ። ስለዚህ ከዴንቨር ስትወጪ በሞንትሮዝ በኩል አትምጪ። በ285 ወርደሽ፣ ከዚያ 160ን ይዘሽ በዎልፍ ክሪክ በኩል ዱራንጎ ግቢ፣ እዚያ እደሩ፣ በማግስቱ ወደ ሰሜን ውጪ። ዩሬይን አልፋችሁ በሞንትሮዝና በጋኒሰን አድርጋችሁ ትመለሳላችሁ። ዙሪያውን ስለምትዞሩ አንድ መንገድ ሁለቴ አትነዱም። እናትሽን ከፊት ሳይሆን ከኋላ በቀኝ በኩል አስቀምጫት።

ከዱራንጎ ሲልቨርተን ሌላም ምርጫ አለ፣ ባቡሩ። በ1882 የማዕድን ድንጋይ ለማውረድ የተዘረጋ ጠባብ ሐዲድ ነው፣ ስፋቱ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ዛሬም በእንፋሎት ይሄዳል። የአኒማስን ወንዝ ተከትሎ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። አንቺ መኪናውን ይዘሽ እሷ ከእህትሽ ወይም ከልጆችሽ ጋር በባቡሩ መጥታ ሲልቨርተን መገናኘት ትችላላችሁ። ባቡሩም አንድ ቦታ ላይ ከወንዙ በላይ በገደል ጫፍ ያልፋልና ይህን አስቀድመሽ ንገሪያት።

ከፍታው ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልበልሽ። እናትሽ ካንቺ ትሻላለች። አዲስ አበባ ከዴንቨር በሰባት መቶ ሜትር ያህል ትበልጣለች። ዩሬይ 2,375 ሜትር ላይ ናት፣ ያው የአዲስ አበባ ከፍታ ነው። ሲልቨርተን 2,840 ነው፣ ደብረ ብርሃን በይው። ከሁለቱ መካከል ያለው ሬድ ማውንቴን ፓስ ግን 3,358 ይደርሳል፣ እዚያ ቶሎ ቶሎ መራመድ አያስፈልግም። ውኃ ትጠጣ፣ ከመኪና ስትወርድ ቀስ ትበል። የደም ግፊት ወይም የልብ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ሳትወጡ ሐኪሟን ጠይቁ፣ ይሄ ‹ምንም አይላትም› ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። የመጀመሪያውን ሌሊት ዱራንጎ እደሩ ያልኩሽም ለዚሁ ነው፣ ከሁሉም ዝቅ ያለችው እሷ ናት።

አስፐን የሚባለው ዛፍ ቢጫ የሚሆነው ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጀመሪያ ነው። መስቀል በዚያው ሳምንት ይውላል። ደመራ ላይ መቅረት የማትፈልግ እናት ከሆነች በማግስቱ ተነሱ። ቀኑ ግን እንደየዓመቱ ይለያያል፣ አንድ ሌሊት ኃይለኛ ነፋስ ከነፈሰ ቅጠሉ ሙልጭ ብሎ ይረግፋልና ሆቴል ስትይዢ መሰረዝ የሚቻለውን ያዢ።

«የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ፣ ሊማሊሞን በአይሱዙ የወጣሁ የወረድኩ ሰው ነኝ። ለገና ልጆቼን ይዤ በዚህ መንገድ ላልፍ አስቤያለሁ። ምን ያስፈራል?» — ወንድማችሁ ከዳላስ

ሊማሊሞን የነዳ ሰው ኩርባ አያስፈራውም፣ በዚህ እንስማማለን። ቁልቁለት ላይ ማርሽ ቀንሰህ ሞተሩ እንዲይዝልህ ማድረግ እንዳለብህም ላንተ አይነገርም። እዚህ ግን የሚያስፈራው ኩርባው አይደለም። የበረዶ ናዳ ነው። ሊማሊሞ ላይ ይሄ የለም።

ይህ መንገድ ናዳ በሚወርድባቸው በርካታ ቦታዎች ሥር ያልፋል። ከሁሉም የከፋው ከዩሬይ ጥቂት ማይል ወጣ ብሎ ያለው ሪቨርሳይድ የሚሉት ነው። በ1963 አንድ ቄስ ከሁለት ሴት ልጆቹ ጋር እሑድ ለአገልግሎት ሲሄድ እዚያ ላይ ናዳ ወስዶታል። በ1970፣ በ1978 እና በ1992 ደግሞ መንገዱን ለሌላው ሰው ሊከፍቱ የወጡ የበረዶ ጠራጊ መኪና ሹፌሮች ሞቱ፣ በየጊዜው አንድ አንድ ሰው። በ1992ቱ ናዳ ሁለት ሰዎች ነበሩ የተቀበሩት። አንደኛው 18 ሰዓት ያህል በረዶውን ሲቆፍር ቆይቶ በሕይወት ወጣ። መንገዱ ዳር መታሰቢያ አላቸው። ሹፌር ነህና ስታልፍ ቆመህ ስማቸውን አንብብ፣ የሙያ ባልደረቦችህ ናቸው።

አሁን እዚያ ቦታ ላይ ናዳው ከላይ እንዲያልፍ የሚያደርግ የኮንክሪት ጣሪያ አለ፣ በ1985 የተሠራ። ናዳው ከጣሪያው ይሰፋል። የ1992ቱ አደጋ የደረሰው ጣሪያው ከተሠራ በኋላ መሆኑን ልብ በል። ለዚህ ነው መንግሥት ክረምት ላይ መንገዱን ዘግቶ፣ ናዳውን ራሱ በፈንጂ አውርዶ፣ ጠርጎ የሚከፍተው። አንዳንዴ ሰዓታት ነው፣ አንዳንዴ ቀናት።

እንግዲህ ምክሬ ግልጽ ነው። ለገና ይህን መንገድ ዋና መንገድህ አታድርገው። ዩሬይ መግባት ካማረህ በሞንትሮዝ በኩል ግባና በዚያው ተመለስ። የከተማው ፍል ውኃ መዋኛ ክረምት ከበጋ ክፍት ነው፣ ልጆችህ በረዶ እየወረደባቸው ሙቅ ውኃ ውስጥ ይዋኛሉ። ከተማው ጫፍ ላይ ያለው ሸለቆ ግድግዳው ሁሉ በረዶ ተሠርቶበት ሰዎች በመጥረቢያ ሲወጡበት ታያለህ። የገደሉን መንገድ ለሰኔና ለሐምሌ አቆይላቸው። የግድ ማለፍ ካለብህ ጎማህ የክረምት ይሁን፣ ሰንሰለት ያዝ፣ የመንገዱን ሁኔታ ጠዋት ሳታይ አትነሣ፣ ‹ተዘግቷል› ካለህ ሌላ አቋራጭ አትፈልግ።

«ስለዚህ አካባቢ ሳነብ ሁሉም ስለ መልክዓ ምድሩ ነው የሚያወራው። እኔ ማወቅ የፈለግሁት ግን መንገዱን ማን ሠራው፣ ወርቁና ብሩ የማን ነበር፣ ወዴት ሄደ? ወንዙስ በ2015 ብርቱካናማ የሆነው ለምንድን ነው?» — ተማሪ ከሲልቨር ስፕሪንግ

በጣም የወደድኩት ጥያቄ ይሄ ነው። ይህን ሳያውቁ እዚያ መሄድ ግማሹን ሳያዩ መመለስ ነው ብዬ አምናለሁ።

መሬቱ ዩት የሚባለው የአካባቢው ነባር ሕዝብ ንብረት ነበር። በ1868 በውል ‹ይሄ የናንተ ነው› ተባሉ። አምስት ዓመት ሳይሞላ ማዕድን ፈላጊዎች ተራራውን ወረሩት፣ በ1873 ደግሞ ብሩኖ በሚባለው ስምምነት ተራሮቹ ተወሰዱባቸው። በዩቶች በኩል የተደራደረው አለቃ ስሙ ዩሬይ ነበር። ሕዝቡን ከጦርነት ለማትረፍ ብሎ ነው የፈረመው። በ1880 ሞተ፣ በ1881 የሱ ወገኖች በወታደር ታጅበው ወደ ዩታ ተነዱ። ከተማዋ ግን በስሙ ትጠራለች። ከዱራንጎ ብዙ የማትርቀው ኢግናሲዮ ውስጥ የደቡብ ዩቶች ራሳቸው ያሠሩት ሙዚየም አለ። ጉዞሽን ከዚያ ጀምሪ።

መንገዱን የጀመረው ኦቶ ሚርስ ነው። በሩሲያ ግዛት፣ ዛሬ ላትቪያ በሚባለው አገር የተወለደ፣ ወላጆቹን በልጅነቱ ያጣ አይሁዳዊ ስደተኛ። በ1880ዎቹ ከዩሬይ እስከ ሬድ ማውንቴን ያለውን አለት በድማሚት አስፈልፍሎ ለጋሪ አበቃው፣ ማለፊያም ያስከፍል ነበር። ኬላው ቤር ክሪክ ፏፏቴ ላይ ነበር። ለምን እዚያ? ዞሮ ማለፍ የማይቻልበት ቦታ ስለሆነ። ዛሬ ድልድዩ ላይ ቆመሽ ወደ ታች ስታዪ ፏፏቴው ከእግርሽ ሥር ነው የሚወርደው። ለመኪና ተስፋፍቶ የተከፈተው በ1924 ነው።

የወጣው መጀመሪያ በብዛት ብር ነበር። ሬድ ማውንቴን ላይ ከመንገዱ ዳር ቆመሽ ወደ ምሥራቅ ስታዪ፣ ተዳፋቱ ላይ ግራጫ የሆነ ረጅም የእንጨት ቤት ለብቻው ቆሞ ታያለሽ። ያንኪ ገርል ይባላል። ማዕድኑ የተገኘው በ1882 ነው። ከቤቱ ሥር ቀጥ ብሎ የሚወርድ ጉድጓድ ነበር፣ ሠራተኛውም ድንጋዩም በሱ ነው የሚወጣ የሚወርደው። ከጉድጓዱ የሚወጣው ውኃ አሲድ ስለነበር የብረት ቧንቧውን ይበላው ነበር። ይህን ያዢው፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በ1893 የአሜሪካ መንግሥት ብር መግዛቱን አቆመ፣ ዋጋው ወደቀ፣ ከተሞቹም በአንድ ጊዜ ባዶ ቀሩ። አካባቢውን የታደገው ወርቅ ነው። ቶማስ ዋልሽ የሚባል የአየርላንድ ስደተኛ በ1896 የብር ቆፋሪዎች እንደማይረባ ቆጥረው የጣሉትን ድንጋይ አስመረመረና ወርቅ አገኘበት። ካምፕ በርድ የሚባለው የወርቅ ማውጫ ከዚያ ተነሣ፣ እሱም በጥቂት ዓመት ውስጥ ሚሊየነር ሆነ። ‹ወርቁ ወዴት ሄደ› ላልሽው አንድ መልስ እዚያው አጠገብሽ አለ። ሴት ልጁ ኤቫሊን በ1911 ሆፕ የሚባለውን ሰማያዊ አልማዝ ገዛች። አልማዙ አሁን ዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ነው ያለው፣ መግቢያው ነጻ ነው፣ በሜትሮ ሄደሽ ታይዋለሽ። ካምፕ በርድ ላይ የቆፈሩት ሰዎች ግን ከጣሊያን፣ ከእንግሊዝ ኮርንዎል፣ ከስዊድን፣ ከስላቭ አገሮች የመጡ ነበሩ፣ ብዙዎቹ የድንጋዩ አቧራ ሳንባቸውን በልቶት በወጣትነታቸው ነው የሞቱት። የሲልቨርተንን መቃብር ስትጎበኚ ዕድሜያቸውን አስይው።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ እኔን የሚይዘኝ ግን የኤማ ሐይቅ ነው። ከሲልቨርተን በላይ ሰኒሳይድ የሚባለው ማዕድን ማውጫ የወርቁን ጅማት ወደ ላይ እየተከተለ ሲቆፍር ቆይቶ በላዩ ካለው ትንሽ ሐይቅ ሥር ደረሰ። ጁን 4 ቀን 1978 ሐይቁ ወለሉ ተቀዶ ሙሉ በሙሉ ወደ ማዕድኑ ገባ። ጭቃው፣ እንጨቱ፣ ማሽኑ ሁሉ ተጠርጎ ከታች ባለው ዋሻ አፍ ወጣ። ዕለቱ እሑድ ነበር። ውስጥ አንድም ሰው አልነበረም። ሰንበት ባይሆን ኖሮ ፈረቃ ሙሉ ሰው ያልቅ ነበር። ሲልቨርተን ከተማ በላይ ተራራው ላይ በ1959 የቆመ የእብነ በረድ የክርስቶስ ሐውልት አለ፣ ‹የማዕድኖቹ ክርስቶስ› ይሉታል። ብዙ ያገሬው ሰው ያን ቀን የጠበቃቸው እሱ እንደሆነ ነው የሚናገረው። መኪና ይወጣል፣ እናቶች ይዛችሁ ከሆነ አትለፉት።

ሰኒሳይድ በ1991 ተዘጋ፣ የአካባቢው የመጨረሻ ትልቅ ማዕድን እሱ ነበር። ወደ ወንዙ ስንመጣ፣ ነገሩ ያ የያንኪ ገርል ውኃ ነው። በነዚህ ተራሮች ውስጥ ብረትና ድኝ ያለበት ፓይራይት የሚባል ድንጋይ ሞልቷል። ተራራው ሳይነካ ሲቀር አየርና ውኃ በትንሹ ነው የሚያገኘው። ዋሻ ሲቆፈርበት ሁለቱም ይገባሉ፣ ድንጋዩ ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል፣ አሲዱ ደግሞ ዚንክ፣ ካድሚየም፣ እርሳስ ያሟሟል። ማዕድኑ ቢዘጋ ይህ አይቆምም፣ ሥራው ካለቀ በኋላም ለዘመናት ይቀጥላል። ጎልድ ኪንግ በሚባል አሮጌ ማዕድን አፍ ላይ አፈር ወድቆ ውኃው ውስጥ ተጠራቅሞ ነበር። ኦገስት 5 ቀን 2015 የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ያሰማራቸው ሠራተኞች ለመመርመር ሲቆፍሩ ገነፈለ። 3 ሚሊዮን ጋሎን ወረደ። አኒማስ ብርቱካናማ ሆነ፣ ቀለሙ ኒው ሜክሲኮና ዩታ ድረስ ዘለቀ፣ በመንገዱ ያሉ ናቫሆ የሚባለው ሌላው ነባር ሕዝብ ገበሬዎች በእርሻ ወቅት የመስኖ ውኃቸውን መዝጋት ግድ ሆነባቸው። ወርቁን ያልበሉት ሰዎች መሆናቸው ነው የሚያንገበግበው። በ2016 አካባቢው ብክለቱ በፌዴራል መንግሥት ከሚጸዳ ቦታ ዝርዝር ገባ፣ 48 የብክለት ምንጮች ተቆጥረው።

ዛሬ ስትሄጂ አኒማስ ጥርት ብሎ ሊጠብቅሽ ይችላል። ከዩሬይ በላይ ያለው ሬድ ማውንቴን ክሪክ ግን ድንጋዮቹ ብርቱካን ቀለም እንደተቀቡ ናቸው። ከፊሉ የተፈጥሮ ነው፣ ተራራው ሳይቆፈርም ትንሽ ያፈስ ነበር፣ የቀረው የሰው ሥራ ነው። ከዚያ ውኃ አትጠጪ፣ ውሻ ካለሽም አታጠጪው።

«የ13 ዓመት ልጄ ሰዎች የተተዉ የማዕድን ዋሻዎች ውስጥ ሲገቡ ቪዲዮ አይቶ ‹እኛም እንግባ› ብሎ አስጨንቆኛል። ጥቂት ሜትር ብቻ ገብቶ ቢወጣ ምን ችግር አለው?» — አባት ከኮሎራዶ ስፕሪንግስ

ጌታዬ፣ አንድ ሜትርም አይፍቀዱለት። በኮሎራዶ 23 ሺህ ያህል የተተዉ ማዕድን ማውጫዎች እንዳሉ ይገመታል፣ የታሸጉት የተወሰኑት ብቻ ናቸው። የሚገድለው መደርመስ ብቻ አይመስልዎ። ውስጥ ኦክስጅን የሌለበት አየር ይተኛል፣ ሽታ የለውም፣ ሰው ራሱን ስቶ እስኪወድቅ አያውቀውም። ወለል የሚመስለው የበሰበሰ ሳንቃ ሊሆን ይችላል፣ ከሥሩ ጉድጓድ ያለበት። ተረስቶ የቀረ ድማሚትም አለ።

ልጁ ግን ፍላጎቱ መልካም ነው፣ አያጥፉበት። ከሲልቨርተን አጠገብ ኦልድ ሀንድረድ የሚባል ማዕድን አለ፣ በትንሽ ባቡር ጭነው ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ተራራው ውስጥ ያስገቡታል፣ መሰርሰሪያውን ሥራ ላይ ያሳዩታል፣ ጆሮ የሚያደነቁር ድምፁን ራሱ ይስማው። ውስጡ በጋም ክረምትም 9 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፣ ሐምሌ ላይም ቢሆን ጃኬት ያስይዙት። በዚያው መንገድ ላይ ሜይፍላወር የሚባለው የማዕድን መፍጫ አለ፣ እስከ 1991 ይሠራ ነበር፣ ማሽኑ ሁሉ እንዳለ ነው። ከሱ ወደ ተራራው የተዘረጋው የብረት ገመድ ዛሬም በማማዎቹ ላይ ነው፣ ድንጋይ ያመላልሱ የነበሩት ባልዲዎች እንደተንጠለጠሉ ያያቸዋል። ሁለቱም ክፍት የሚሆኑት በበጋ ነው።

አኒማስ ፎርክስ የተባለውን የፈረሰ መንደርም ቢያሳዩት ይወደዋል፣ ቤቶቹ ውስጥ መግባት ይፈቀዳል። መንገዱ ጥርጊያ ስለሆነ ከፍ ያለ መኪና ይፈልጋል፣ በሴዳን አይሞክሩት።

«ጾም ላይ ነን፣ የምንበላው እናገኛለን? ኔትወርክና ነዳጅስ?» — ጥንዶች ከአውሮራ

ድንች ጥብስና ሰላጣ ታገኛላችሁ፣ ከዚያ ያለፈ አልመካበትም። እንጀራችሁንና ሽሯችሁን ይዛችሁ ኩሽና ያለው ማረፊያ ያዙ። ሲልቨርተን ውስጥ ቱሪስቱ ሲያልቅ፣ ከኦክቶበር አጋማሽ በኋላ፣ ብዙ ምግብ ቤት ይዘጋል። ነዳጅ ዱራንጎም ሲልቨርተንም ዩሬይም አለ፣ ግማሽ ሲሆን ሙሉት። ስልክ ተራራው መሐል ላይ ይጠፋል፣ ካርታውን ሆቴል ሳላችሁ አውርዱት።